ለገላኔ የምትሆን ብስክሌት

ገላኔን ከኋላዋ ያየ ሰው፣ ትምህርት ቤት አርፍዳ የምትሮጥ ተማሪ ትመስለዋለች። ፊቷን ሲያይ ይደነግጣል፤ አፏን ስትከፍት ደግሞ መንገድ ይለቅላታል። ቁመት ሲታደል ተሰስቶባት ይሆናል እንጂ፣ ድምፅ ሲታደል ግን የሁለት ሰው ድርሻ ወስዳለች።

የምትኖረው ፉሪ ነው። የባሏ የለታ አባት ያርሱት ከነበረው መሬት የተረፈችው ጓሮ ላይ ባልና ሚስቱ ጥቂት ላሞች ያረባሉ። ድሮ ጤፍ ይዘራበት የነበረው ቦታ ዛሬ ፎቅ በፎቅ ሆኗል፤ ላሞቹም የአንዱን ሀብታም አጥር ተጠግተው ሲያመሰኩ ይውላሉ፤ የሰውየውም ውሻ ሲጮህባቸው ይውላል። ገላኔ በጠዋት ተነሥታ ታልባለች፤ ወተቱን በጄሪካን ሞልታ ጀሞ ኮንዶሚኒየም ላሉ ደንበኞቿ ታደርሳለች። ሥራው ይኸው ነው። መከራው ታክሲው ነበር።

የታክሲ ረዳቶች በወተት ላይ ምን ቂም እንዳላቸው እግዜር ይወቀው። አንዱ «ይሄ ነገር ይሸታል» ይላታል፤ እሱ ራሱ ውሃ ካየ ሰንብቷል። ሌላው ጄሪካኑን እንደ ተሳፋሪ ያስከፍላትና፣ እሷን ደግሞ «አንቺ ትንሽ ነሽ፣ ጠጋ ጠጋ በይ» ብሎ ወንበር ጫፍ ላይ ይለጥፋታል።

«ወተቱ ሙሉ ሰው፣ እኔ ግማሽ?» ብላ ስትጮህ ታክሲው ውስጥ ያለው ሁሉ ይስቃል። እሷ ግን ሳቁ ሲያልቅ የወተቱንም የራሷንም ሒሳብ እንደምትከፍል ታውቃለች።

አንድ ሰኞ ጠዋት ሾፌሩ ሀይሌ ጋርመንት አደባባይ ላይ ድንገት ፍሬን ያዘ። የጄሪካኑ ክዳን ተፈናጠረና ወተቱ ፊት ለፊቷ የተቀመጠው ክራቫት ያሰረ ሰውዬ ጭን ላይ ተደፋ። ሰውየው ወደ ስብሰባ ነበር የሚሄደው። ለአለቃው ምን ብሎ እንዳስረዳ አልታወቀም። ገላኔ ግን ተሰድባ፣ ባዶ ጄሪካን አንጠልጥላ ከታክሲው ወረደች፤ ደንበኞቿ ሲደውሉም ስልኳን አጠፋችው።

ቤቷ እንደተመለሰች ለለታ ምሳ አቀረበችለትና፣ «ብስክሌት ልገዛ ነው» አለችው።

ለታ ረጅም ነው። የመብራት ሠራተኞች ቢያዩት ሽቦ ሊዘረጉበት የሚያምራቸው ዓይነት ረጅም። የጎረሰውን እንኳን ሳይውጥ መሳቅ ጀመረ።

«ኮርቻው ላይ ማን ያወጣሻል? መሰላል ይዤ ልከተልሽ?»

«አንተስ ረጅም ሆነህ ምን አመጣህ?» አለችው። «ዝናብ ከሰው ቀድሞ ይመታሃል፤ ሌላ ያገኘኸው ነገር አለ?»

መንዳቱንስ ትችላለች። ልጅ ሆና የአጎቷን ትልቅ ብስክሌት ሰርቃ፣ ኮርቻው ላይ ስለማትደርስ በመሀል ብረቱ ሥር አንድ እግሯን አሾልካ፣ ወደ ጎን ተንጋዳ ስትነዳ መንደሩ በሙሉ ያውቃታል። አሁን ግን ቀሚስ የለበሰች፣ ልጅ የወለደች ሴት ናት። በመሀል ብረት ሥር እየሾለከች ጀሞ ብትገባ ወተቱን ሳይሆን እሷን ሊያዩ ነው የሚሰለፉት።

በማግስቱ ሀይሌ ጋርመንት ያለው የሱልጣን ብስክሌት መሸጫ ሄደች። ሱልጣን ሆዱ ቀደም ያለ፣ ወሬ የሚወድ፣ ያልገዛን ሰው እንኳን «እንኳን ደስ ያለህ» ብሎ የሚሸኝ ነጋዴ ነው።

«ለልጅሽ ነው እህቴ?»

«ለእኔ ነው።»

ሱልጣን ከራሷ እስከ እግሯ አያት። ዓይኑ ብዙም አልተጓዘም። ከዚያ ከተደረደሩት መሀል ጥቁር፣ ጎማው ወፍራም፣ የበሬ ቀንድ የመሰለ መሪ ያለው ትልቅ ብስክሌት ጎትቶ አወጣ። «ይሄ ለሁሉም ይሆናል» አለ፤ ኮርቻውን እስከ መጨረሻው ዝቅ አደረገው። ከጎኑ ፍራሽ የሚሸጠውን ሰውዬ ጠራና አንዱ በግራ አንዱ በቀኝ ክንዷን ይዘው እንደ ሙሽራ አሳፈሯት።

«እንዴት ነው?» አላት ሱልጣን።

«አገሩ ሁሉ ይታየኛል» አለች ገላኔ። «ፔዳሉ ግን የለም።»

«አለ፣ አለ፤ በጣትሽ ጫፍ ፈልጊው።»

ፈለገችው፤ አገኘችው። ሁለቱ ሰዎች ሲለቋት ብስክሌቱ ትንሽ ሄደ። ልታቆመው ፍሬን ስትይዝ ግን እግሯ መሬት የሚባል ነገር አጣ። ከነብስክሌቱ ቀስ ብላ፣ ለመጸለይ የሚበቃ ጊዜ አግኝታ፣ ውጭ የተቆለሉት ፍራሾች ላይ ተጋደመች። ጎረቤትየው ፍራሽ ሻጭ መሆኑ በጃት እንጂ ብረታ ብረት ነጋዴ ቢሆን ኖሮ ታሪኩ እዚሁ ያልቅ ነበር።

«እውነቱን ልንገርሽ?» አለ ሱልጣን ሲያነሣት። «ብስክሌቱ ምንም አልጎደለውም። የጎደለው እግርሽ ነው።»

«እግር መለዋወጫ አለህ?»

የለውም። ያለው የልጆች ብስክሌት ነው። ሮዝ ቀለም፣ መሪው ጫፍና ጫፍ ላይ ጥብጣብ የተንጠለጠለበት፣ ፊት ለፊቱ የምትስቅ ድመት የተለጠፈበት። ገላኔ ተቀመጠችበት። እግሯ መሬት ነካ! ከደስታዋ የተነሣ ድመቷን ይቅር አለቻት። ፔዳሉን ስታዞር ግን ጉልበቷ ከመሪው ጋር ተጋጨ።

«ትለምጂዋለሽ» አላት ሱልጣን። የሚጋጨው የእሱ ጉልበት አልነበረምና እንዲህ ለማለት አልከበደውም።

ገዛችው። ሌላ ምን ታድርግ? ለታ ከኋላ ዕቃ መጫኛ ብረት አሠራላት፤ ጄሪካኗን በጎማ ገመድ ጠፍራ ማድረስ ጀመረች። ጀሞ ስትገባ ልጆቹ በየበረንዳው ብቅ እያሉ «ወተት በድመት መጣ!» ይላሉ። የሕንፃው ዘበኛ ዋቅቶላ፣ ቁምነገረኛ ሰው ነው ሲባል የኖረ፣ ባያት ቁጥር ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ትከሻው ይንቀጠቀጣል። መንገዱም የራሱ ጉድ አለው። ለብስክሌት ተብሎ የተቀባው መስመር ላይ ብስክሌት ብቻ ነው የሌለው፤ መኪና ይቆምበታል፣ በቆሎ ይጠበስበታል፣ አሸዋ ይራገፍበታል። በዚያ መሀል ስትጠማዘዝ ጉልበቷ መሪውን ይገጨዋል፤ የተገጨው መሪ ወደፈለገው ይዞራል፤ እሷም ወደዞረው ትሄዳለች። ሳምንቱ ሳያልቅ ሁለቱም ጉልበቶቿ ተላላጡ።

የተላላጠውን ያዩት ደንበኛዋ እትዬ ፀሐይወርቅ ናቸው። ምድር ቤት ነው የሚኖሩት፤ ሳቅ የማያልቅባቸው ሴት ናቸው። አንድ ጠዋት ወተቱን ሲቀበሉ ቀሚሷ ላይ የደም ነጠብጣብ አይተው፣ «ምን ሆነሻል?» ብለው ጉልበቷን ገልጠው ተመለከቱ።

«ውይ በሞትኩት! ይቺ መጫወቻ ነች እንዲህ ያደረገችሽ?»

«ትልቁ ላይ አልደርስም፤ ትንሹ አይበቃኝም፤ ምን ላድርግ እትዬ?»

እትዬ ፀሐይወርቅ ወደ ውስጥ አየት አድርገው ባላቸው እንዳይሰሙ ድምፃቸውን ቀነስ አደረጉ። «ዳኜ እኮ ብስክሌት አለው። ነይ።»

ከደረጃው ሥር፣ ባዶ የቀለም ጣሳና የተሰበረ ወንበር ከተቆለለበት፣ ሸራ ገለጡ። ሸራው ሥር አረንጓዴ ብስክሌት ቆሞ ነበር። አቧራ ጠጥቷል፤ ጎማው ተንፍሷል። ግን መልኩ የልጅ አይደለም፤ የትልቅ ሰው ብስክሌት ነው፣ ብቻ በሁሉም በኩል ትንሽ አጠር ብሏል። የመሀል ብረቱ ላይ የብየዳ ጠባሳ ይታያል። ገላኔ ቀሚሷን ሰብስባ ኮርቻው ላይ ወጣች። እግሯ ፔዳሉ ላይ ዐረፈ። እጇ መሪው ላይ ሳትንጠራራ ደረሰ። ጉልበቷ ከምንም ጋር አልተጋጨም። ተረከዟን ወደ መሬት ሰደደችው፤ መሬቱ እዚያው ነበር።

ዕድሜዋን ሙሉ ሰው የተወላትን ነገር ስትለብስ፣ እጅጌ ስታሳጥር፣ ወንበር ላይ እየወጣች ከመደርደሪያ ዕቃ ስታወርድ ኖራለች። አንድም ነገር እንዲህ «ነይ፣ ያንቺ ነኝ» ብሏት አያውቅም።

ችግሩ የብስክሌቱ ባለቤት ነው።

ጋሽ ዳኜ ከአንድ ፋብሪካ በጸሐፊነት ጡረታ የወጡ፣ የሕንፃው ኮሚቴ ሰብሳቢ፣ የእድሩም ዳኛ ናቸው። ባርኔጣና ተረከዙ ወፍራም ጫማ ሳያደርጉ ከቤት አይወጡም። ፎቶ የሚነሡት ደረጃ ላይ ቆመው ነው። ስብሰባ ላይ ሁልጊዜ ተቀምጠው የሚናገሩት «እናንተን ለማክበር» ነው ይላሉ። አጭር ናቸው፤ አጭር መሆናቸውን ግን በሰፈሩ የማያውቅ አንድ ሰው ቢኖር እሳቸው ራሳቸው ናቸው። ሌላውም ያወቀ አይመስልም፤ ተከባብሮ ይኖራል።

በዚያው ቅጽበት በሩን ከፍተው ወጡ፤ ገላኔን ብስክሌታቸው ላይ አገኟት።

«ምንድነው ይሄ?»

«ጋሽ ዳኜ፣ ይሽጡልኝ» አለች ገላኔ ሳትወርድ። «ልክ ለእኔ የተሠራ ነው እኮ!»

«እሱ የወንድ ብስክሌት ነው። ላንቺ አይሆንም፤ ትልቅ ነው።»

«ኧረ ልክ ነው፤ ይዩት!»

«ትልቅ ነው ብያለሁ!»

እዚህ ላይ ሌላ ሰው ቢሆን አመስግኖ ይወርድ ነበር። ገላኔ ግን አፏን መግታት አትችልም፤ አፏም እሷን አያማክራትም። «ጋሽ ዳኜ፣ እኛ አጭሮች እርስ በርስ ካልተዛዘንን ማን ያዝንልናል?» አለች።

እትዬ ፀሐይወርቅ አፋቸውን በነጠላቸው አፈኑ፤ ግን ሳቃቸው በአፍንጫቸው ወጣ። የጋሽ ዳኜ ጆሮ ቀላ። ባርኔጣቸውን አስተካከሉ፣ ኮታቸውን ሳብ አደረጉ፣ ተንጠራሩ።

«እኛ?» አሉ። «እኛ ማለት ምን ማለት ነው? ውረጂ! ከነገ ጀምሮ እዚህ ቤት ወተት እንዳታመጪ!»

እንዳሉትም አደረጉ። ሻያቸውን ያለ ወተት መጠጣት ጀመሩ፤ ወተት የሌለበት ሻይ ሲጠጡ ፊታቸው እንዴት እንደሚሆን እትዬ ፀሐይወርቅ ዘበኛው ቤት መጥተው እያስመሰሉ ያሳዩ ነበር። እትዬ ግን የራሳቸውን ወተት በመስኮት በድብቅ ይቀበላሉ። ገላኔ ወደ ሮዟ ድመት ተመለሰች። በምላሷ ተናዳ ቀኑን ሙሉ ከለታ ጋር ስትጣላ ትውላለች፤ ለታ ምንም አላደረገም፣ ግን ረጅም ነው።

አንድ ቀን ጠዋት ጀሞ መግቢያ ላይ፣ ከመኪና እጥበቱ ፊት ለፊት፣ ሚኒባስ ዘው ብሎ ገባባት። ልትዞርለት ስትል ጉልበቷ መሪው ሥር ተቀረቀረ። በደረቷ ወደቀች። ጄሪካኑ ገመዱን በጥሶ እየተንከባለለ፣ ወተቱን እያፈሰሰ ቦዩ ውስጥ ገባ። የብስክሌቷ ጎማ በአየር ላይ ይሽከረከራል፤ ጥብጣቡ ይውለበለባል፤ ድመቷ ትስቃለች።

ግድግዳ ተደግፈው የቆሙ ጎረምሶች ነበሩ። ሳቁ። አንደኛው ስልኩን አውጥቶ «ቲክቶክ ላይ ትፈነዳለች!» እያለ ይቀርጻት ጀመር። ገላኔ ልትሳደብ አፏን ከፈተች፤ ስድቡ አልመጣም። የመጣው ልቅሶ ነው። መንገድ መሀል ተቀምጣ፣ ቦዩ ውስጥ የሚሄደውን ነጭ ነገር እያየች አለቀሰች።

«ስልክህን አውርድ!»

ጋሽ ዳኜ ከታክሲ እየወረዱ ነበር። ክራቫት አስረዋል፤ ባርኔጣው ቦታው ላይ ነው። ልጁ አንዴ እሳቸውን አንዴ ገላኔን አየ።

«ሶሪ ፋዘር» አለ። «ልጅዎ ናት እንዴ? ቁመታችሁ ያስታውቃል።»

ሳቁ እንደገና ፈነዳ። ገላኔ እንባዋን ረስታ ቀና አለች፤ «አሁን እኔንም አብረው ይገድሉኛል» ብላ አሰበች። ጋሽ ዳኜ ግን ባርኔጣቸውን አወለቁ። ያለ ባርኔጣ አይታቸው አታውቅም።

«አዎ፣ አጭር ነኝ!» ብለው ጮኹ፤ ድምፃቸው ታክሲ ተራው ድረስ ተሰማ። «እሷም አጭር ናት! እናንተስ ርዝመቱን ምን ሠራችሁበት? ከጠዋት እስከ ማታ ግድግዳ ትደግፋላችሁ። ግድግዳ ለመደገፍ ይሄ ሁሉ ቁመት ምን ያደርጋል? ለግድግዳ እኔም እበቃለሁ!»

ስልክ የያዘው ልጅ ስልኩን ኪሱ ከተተና ቦዩ ውስጥ ገብቶ ጄሪካኑን አወጣ። ጋሽ ዳኜ ገላኔን በክንዷ አነሷት፤ ሮዟን ብስክሌት በአንድ እጃቸው እየገፉ፣ ጥብጣቡ በኮታቸው እጅጌ ላይ እየተጠቀለለ፣ ወደ ሕንፃው አብረዋት ሄዱ።

«ፋብሪካው ደብዳቤ የማመላልስበት ብስክሌት ሰጠኝ» አሉ መንገድ ላይ፣ ፊት ለፊት እያዩ። «ሁሉም አንድ ልክ ነበር። ጠዋት ጠዋት ሁለት ጥበቃዎች አንሥተው ያስቀምጡኝ ነበር፤ ያን ለማየት ሠራተኛው በር ላይ ይሰበሰባል። አለቃው ራሱ በመስኮት ያይ ነበር። በራሴ ገንዘብ ሌላ ገዝቼ በያጅ ዘንድ ወሰድኩና አስቆረጥኩት። ከዚያ በኋላ ማንም አላነሣኝም።»

«ታዲያ ለምን ተዉት?»

«እዚህ ስንገባ ኮሚቴ ሆንኩ።» ትንሽ አሰቡ። «የኮሚቴ ሰብሳቢ አነስ ያለ ብስክሌት ላይ ሲታይ... ሰው ይናገራል።»

ቤት ሲደርሱ እትዬ ፀሐይወርቅ የገላኔን ጉልበት አጠቡላት። ጋሽ ዳኜ ኮታቸውን አውልቀው፣ ሸራውን ገልጠው፣ አቧራውን በራሳቸው ጨርቅ ጠረጉት። ካቴናውን ዘይት ቀቡት። ዋቅቶላ ጎማውን ነፋ። ከዚያ ጋሽ ዳኜ ቁልፍ ይዘው «እስቲ ውጪበት፣ ኮርቻውን ባንቺ ልክ ላስተካክለው» አሉ።

ወጣች። ጋሽ ዳኜ ጎንበስ ብለው እግሯን አዩ፣ ኮርቻውን አዩ፣ እንደገና እግሯን አዩ። አንድ ጣት ያህል እንኳን የሚስተካከል ነገር አልነበረም። ቁልፉን ይዘው ቆሙ። ገላኔ ጣሪያውን አየች። ለመጀመሪያ ጊዜ በሕይወቷ ዝም ለማለት ቻለች።

«ማስተካከል አያስፈልገውም» አሉ ጋሽ ዳኜ ጉሮሯቸውን ጠርገው።

«አያስፈልገውም» አለች ገላኔ።

«አውሼሻለሁ እንጂ አልሸጥኩልሽም። መንገድ ላይ ያልኩትንም እድር ውስጥ እንዳትደግሚው።»

ማን ይደግመዋል? ዋቅቶላ ሰምቷል፤ እሱ ከሰማ ሕንፃው ሁሉ ሰምቷል።

ከዚያን ቀን ጀምሮ ገላኔ የምትነዳው አረንጓዴውን ነው። ሮዟ ለልጇ ለኦብሴ ተላለፈች፤ ኦብሴ ድመቷን ስማ ተቀበለቻት። ገላኔ አሁን በቆሎ ጠባሿን ሳትነካ፣ የቆመውን መኪና ዞራ፣ ጀርባዋን ቀጥ አድርጋ ታልፋለች። አንዳንድ ረዳት ከታክሲው አንገቱን አውጥቶ «ነይ ግቢ፣ ቦታ አለ!» ይላታል ሊያበሽቃት። «የሙሉ ሰው ነው ወይስ የግማሽ?» ብላ ታልፈዋለች፤ ታክሲው መብራት ይዞት ቆሞ ሲቀር።

ጋሽ ዳኜም ወደ ባለ ወተት ሻያቸው ተመለሱ። አንድ ቅዳሜ ጠዋት ገላኔ ወተት እየቀዳች ሳለ ወጡና ብስክሌቱን በእጃቸው ነካ ነካ አደረጉት። ባርኔጣ አላደረጉም። ነጠላ ጫማ ነው የተጫሙት።

«ፍሬኑ ላላ ያለ ይመስለኛል» አሉ። «አንድ ዙር ልየው።»

ጄሪካኑን ፈትተው መሬት ላይ አስቀመጡት። ወጡ፣ ደወሉን አቃጨሉ፣ ሄዱ። በረንዳ ላይ የነበሩት ልጆች እየጮኹ አጨበጨቡ። ገላኔ የመጀመሪያውን ዙር ቆማ ጠበቀች። ሁለተኛውን ሲጀምሩ እጃቸውን አውለበለቡላት። ሦስተኛው ላይ ግን በግቢው በር ወጥተው በዋናው መንገድ ወደ ለቡ አቅጣጫ ታጠፉ፤ ሸሚዛቸው ከኋላ በንፋስ ተነፍቶ ነበር።

«ይመለሳል?» አሉ እትዬ ፀሐይወርቅ በመስኮት።

«እንጃ እትዬ» አለች ገላኔ፤ ደረጃው ላይ ተቀመጠች።

ስልኳ ጮኸ። ከሩቁ ሕንፃ ያለች ደንበኛዋ ናት፤ ልጆቿ ቁርስ እየጠበቁ ነው። ገላኔ ብስክሌቱ የታጠፈበትን መንገድና ከጎኗ የተቀመጠውን ጄሪካን አየችና፣ «መጣሁ፣ መጣሁ» አለች፤ «ወተቱ መንገድ ላይ ነው።»